የውኃ ግፊት ነገር፦ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ መኖሪያ ቤት ፓምፕ

በከተማ የሚኖር ሰው ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ሁለት ነገሮችን ይጠብቃል። አንደኛው ውኃው ነው፤ ሁለተኛው ውኃውን ገፍቶ የሚያወጣው ኃይል ነው። የመጀመሪያው ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ መነጋገሪያም ይሆናል። ሁለተኛው ሲያንስ ግን ችግሩ በየቤቱ ተሸሽጎ ይቀራል። ባለቤቱ «ውኃው ደከመ» ይላል፤ ባልዲውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ግማሹ አልሞላም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሐሳብ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ፓምፕ መግዛት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወደ ቤታችን እንደ ደረሰ በታሪክ መንገድ መመርመር፣ ቀጥሎም ፓምፑ የሚጠቅምበትንና የሚጎዳበትን ሁኔታ ለይቶ ማሳየት ነው። ነገሩ ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ የለመድነው ነገር ብዙ ጊዜ ሳንመረምረው የሚያልፈን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ቁልቁለት የሰጠው ጸጋ

አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ ነዋሪው ውኃውን የሚያገኘው ከየምንጩና እንደ ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ ካሉት ወንዞች ነበር። ውኃ የሚጓዘው በእንስራ፣ በሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ የውኃ ግፊት የሚባል ጉዳይ አልነበረም፤ የነበረው የወገብ ሕመም ነው።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1871 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ምንጭ ውኃ በቧንቧ አውርዶ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ከጉብታ ላይ ስለ ነበረ፣ ውኃው ከተራራው ወርዶ ዝቅተኛውን ሥፍራ ካለፈ በኋላ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ ወጣም። ቁልቁል መፍሰስን ብቻ የውኃ ጠባይ አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታላቅ ተአምር ነበር። በዘመኑም ስንኝ እስኪቋጠርበት ድረስ አስደንቋል።

ለመሐንዲስ ግን ነገሩ ተአምር አይደለም፤ የሒሳብ ሚዛን ነው። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ሥፍራ ደግሞ 2,334 ሜትር ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ከ650 ሜትር በላይ የሆነ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። እንግዲህ ከተራራ የተጠለፈ ውኃ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ እስካለ ድረስ ከመነሻው ከፍታ፣ በመንገዱ በሰበቃ የሚያጣው ተቀንሶ፣ እስከ ቀረው ድረስ ያለ ምንም ሞተር ሊወጣ ይችላል። ኢልግ የተጠቀመበት ይህንኑ ሕግ ነው።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመናት የኖረችው በዚሁ የቁልቁለት ጸጋ ነው። በ1930ዎቹ በስተምዕራብ በኩል የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ የማጣሪያ ጣቢያው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። የገፈርሳ ሐይቅ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ውኃው ወደ ከተማዋ የሚመጣው በራሱ ክብደት ነው። በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ የለገዳዲ ግድብና ማጣሪያ በ1962 ዓ.ም. ገደማ በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለማጣራት በሚያስችል አቅም ተጨመረ፤ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም አቅሙ ወደ 150,000 ሜትር ኩብ ከፍ አለ። የከተማዋ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ሁለቱ ትላልቅ ምንጮች በአንድ አስተዳደር ሥር እንዲመሩ አስችሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የገፈርሳ ውኃ ምንም ሳይቋረጥ በአንድ ቧንቧ እስከ ቦሌ ቢወርድ፣ ቆሞ ሳለ በመጨረሻው ነጥብ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከ26 ባር አያንስም ነበር። ይህን የሚችል የቤት ውስጥ ዕቃ የለም። ስለዚህ በየመንገዱ ማጠራቀሚያዎች እየተሠሩ ግፊቱ እንዲቋረጥና ከተማዋ በከፍታ እርከኖች እንድትከፈል ግድ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ የውኃ መሐንዲሶቻችን ዋና ጭንቀት የግፊት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የግፊት መብዛትም ጭምር እንጂ።

ቁልቁለቱ ያለቀበት

ይህ ሚዛን የተናጋው ከሦስት አቅጣጫ ነው።

አንደኛ፣ ከተማዋ ወደ ተራራው ወጣች። የመኖሪያ ቤቶች ከማጠራቀሚያዎቹ ከፍታ ጋር እየተስተካከሉ፣ በአንዳንድ ሥፍራም እየበለጡ ሄዱ። ከማጠራቀሚያው 5 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት፣ ቧንቧው የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ከግማሽ ባር የሚበልጥ ግፊት ሊያገኝ አይችልም።

ሁለተኛ፣ የውኃው ምንጭ ወደ ታች ወረደ። በ1990ዎቹ በስተደቡብ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ሥራ ሲጀምሩ ከተማዋ ታላቅ ዕፎይታ አገኘች። ነገር ግን ጉድጓዶቹ ያሉት ከመሀል ከተማው በጣም ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ውኃ የሚያወጣው ቁልቁለት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ውኃም አብሮ የሚጠፋበት ዘመን መጣ።

ሦስተኛ፣ ቤቶቹ ራሳቸው ወደ ላይ አደጉ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የተለመደ ሆነ። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 12 ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቃል። ስለዚህ የምድር ቤቱ ነዋሪ ገላውን የሚታጠብበት ግፊት ለአራተኛው ፎቅ ነዋሪ አንዲት ጠብታ ላያደርስ ይችላል።

በዚህ ላይ ውኃ በፈረቃ ሲዳረስ፣ ተራው በደረሰ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት በአራት እጥፍ ያህል ያድጋል። ስለዚህ ውኃው በመጣበት ቀን ግፊቱ የሚደክመው በአጋጣሚ አይደለም።

ፓምፑ ከየት መጣ?

ውኃን በመሣሪያ የመግፋት ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በግብፅ እስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት መግፊያ ፓምፕ እንደ ሠራ ሮማዊው ቪትሩቪዮስ መዝግቦልናል። ከዚያ ወዲያ ለዘመናት የማዕድን ጉድጓዶችና የከተማ ምንጮች ያገለገሉት በዚሁ ዓይነት ባለ ፒስተን መሣሪያ ነው።

የሳቢ ፓምፕ ወሰን የታወቀው ግን በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ፓምፕ ውኃን ከ18 ክንድ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ስቦ ሊያወጣ እንደማይችል አነሣ። ምክንያቱን የደረሰበት ተማሪው ቶሪቼሊ ነው። ውኃውን የሚያወጣው ፓምፑ ሳይሆን በውጭ ያለው የከባቢ አየር ክብደት ነው፤ ፓምፑ የሚያደርገው ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ የፓስካል የእኅቱ ባል ፔርየ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ በፈረንሳይ አገር ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። ከፍ ባለ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ። የአየር ክብደት በተራራ ላይ እንደሚያንስ በዚህ ተረጋገጠ።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወግ አይደለም። ያ ተራራ 1,465 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ የምንኖረው ከእርሱ በብዙ ከፍ ብለን ነው። በባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር ውኃ የሚሸከመው የአየር ክብደት በመሀል አዲስ አበባ የሚሸከመው 7.8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የውኃው ትነት ግፊት፣ የመሳቢያው ቧንቧ ሰበቃና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ትርፍ ሲቀነስ በተግባር የሚቀረን ከ5 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በባሕር ዳርቻ አገር በተጻፈ መመሪያ ተማምኖ ፓምፑን ከጉድጓዱ 7 ሜትር ከፍ አድርጎ የተከለ ባለሙያ፣ ሞተሩ እየጮኸ ውኃ የማይመጣው ለምን እንደ ሆነ ማወቅ የሚፈልግ ከሆነ መልሱ በቶሪቼሊ እጅ ነው።

ዛሬ በየቤቱ የምናየው በዙረት የሚሠራ ፓምፕ የኋላ ዘመን ፍሬ ነው። የፈረንሳይ ተወላጁ ዴኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1689 መነሻውን አበጀ፤ እንግሊዛዊው አፖልድ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቆልመም ያሉ ክንፎች ያሉትን ዘዋሪ አቅርቦ የብቃቱን ልዩነት አሳየ። ከዚያም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲፈጠር ሁለቱ ተጋቡ። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ግድግዳ ሥር የሚቀመጥ፣ ቁልፍ ሲጫን የሚዞር መሣሪያ ተገኘ። የቴክኒኩ ጉዞ ተፈጸመ፤ የኅብረተሰቡ ጥያቄ ግን ከዚህ ጀመረ።

የአንዱ ግፊት የሌላው ጥማት

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ተከራይቼ በምኖርበት በአንድ ዳገታማ ሰፈር፣ የግቢያችን ውኃ እየደከመ አስቸገረ። እኔም መሐንዲስ ነኝና የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ገዝቼ ከቆጣሪው አለፍ ብሎ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኘሁት። ውኃው እንደ ጅራፍ ወጣ፤ ግቢው ሁሉ መረቀኝ።

በሳምንቱ ከእኛ ከፍ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት በር አንኳኩ። «ልጄ፣ የእናንተ ሞተር ሲጮኽ የእኔ ቧንቧ ይደርቃል፤ ስከፍተውም እንደ ሰው ይተነፍሳል» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ ልየው» ብዬ አብሬያቸው ሄድሁ። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ቧንቧቸውን ከፍቼ መዳፌን ከአፉ ላይ አኖርሁ። ውኃ አልመጣም፤ ይልቁን መዳፌ ወደ ውስጥ ተሳበ።

በዚያች ቅጽበት የተረዳሁት ነገር በትምህርት ቤት ከተማርሁት የተለየ አልነበረም፤ ነገር ግን በእጄ ዳስሼው አላውቅም ነበር። ፓምፑ አዲስ ውኃ አልፈጠረም። በመስመሩ ውስጥ የነበረውን ጥቂት ግፊት ለእኛ ሰብስቦ የእሳቸውን ከአየር ግፊት በታች አውርዶታል። ቧንቧ ከአየር ግፊት በታች ሲወርድ ደግሞ ጉዳቱ በጥማት ብቻ አያበቃም። በደኅናው ጊዜ ውኃ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥበው ያው ስንጥቅ፣ ያው የላላ መገጣጠሚያ፣ በዙሪያው ያለውን ነገር ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። መስመሩ በፍሳሽ ቦይ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ምን እንደሚስብ መናገር አያሻም። እኔ ለግቢያችን ስስበው የነበረውም፣ እሳቸው ፓምፑ ሲቆም የሚጠጡትም ያንን ነው።

የንጹሕና የቆሻሻ ውኃ መስመሮች መቀላቀል ምን እንደሚያስከትል ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ፣ ለዓለም ኤግዚቢሽን የመጡ እንግዶች ባረፉባቸው ሆቴሎች ውስጥ በቧንቧ ሥራ ጉድለት የፍሳሽ ውኃ ከመጠጥ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ የአሜባ ተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከ90 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱበት። የተቀላቀለበት መንገድ ከእኛ ፓምፕ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ንጹሕ ውኃን በቧንቧ ውስጥ ንጹሕ አድርጎ ከሚያቆየው ዋነኛው ነገር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው የማያቋርጥ ግፊት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደንብ በደቂቃ ከ12 ሊትር በላይ የሚስብ ፓምፕ ከመግቢያው መስመር ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለውኃ አቅራቢው እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኔ ፓምፕ ከዚህ መጠን በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

ፓምፑን በማግስቱ ነቀልሁት። በመሬት ላይ አንድ ሮቶ አስቀምጬ ውኃው በመስመሩ ግፊት ብቻ ሌሊት ቀስ እያለ እንዲገባበት አደረግሁ፤ ፓምፑንም ከሮቶው በኋላ ተከልሁት። የግቢያችን ውኃ እንደ በፊቱ ብርቱ ሆነ። የእማማም ቧንቧ መተንፈስ አቆመ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ከዚህ ተነሥቶ በግፊት ማነስ ለሚቸገር ቤት የሚሻለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ችግሩን ማወቅ ይገባል። በመግቢያው ላይ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ይነበብ፤ ቀጥሎ አንድ ቧንቧ ተከፍቶ እንደገና ይነበብ። ተዘግቶ ሳለ ደኅና የነበረው ግፊት ሲከፈት በአንድ ጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው በቧንቧው ነው፤ በዝገት የጠበበ፣ በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ያለበት ወይም ማጣሪያው በአሸዋ የታፈነ ነው። ፍሰቱ ሳይለወጥ የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ከ20 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ቢጠብ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ መድኃኒቱ አሮጌውን ቧንቧ መለወጥ እንጂ ፓምፕ አይደለም። ግፊቱ ተዘግቶም ዝቅተኛ ከሆነ ግን ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነውና ወደሚቀጥለው ማለፍ ይቻላል።

ሁለተኛው ማጠራቀሚያ ነው። ማጠራቀሚያ የመስመሩንና የቤቱን ግፊት ይለያያል፤ ጎረቤትንም ከእኛ ፍላጎት ይጠብቃል። ብዙ ሰው ግን ሮቶውን ጣሪያ ላይ ካወጣ በኋላ «ለምን አሁንም ይደክማል?» ብሎ ይጠይቃል። ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ነው። ቦይለርና ሻወር በዚህ በደንብ አይሠሩም። የምድር ቤቱ ነዋሪ የማያማርረው ከሮቶው በሚገባ ዝቅ ብሎ ስለሚኖር ነው።

ሦስተኛው ፓምፑ ነው፤ ሥፍራውም ምንጊዜም ከማጠራቀሚያው በኋላ ይሁን። የሚያስፈልገው ኃይል ከሚገመተው ያነሰ ነው። በደቂቃ 30 ሊትር ውኃ በ20 ሜትር ከፍታ ልክ ለመግፋት ለውኃው የሚደርሰው ኃይል 98 ዋት ብቻ ነው። የትንሽ ፓምፕ ብቃት 30 በመቶ ቢሆን እንኳ 330 ዋት ያህል ይበቃዋል፤ ይህም ከግማሽ ፈረስ ጉልበት በታች ነው። ትልቅ ፓምፕ የገዛ ሰው የሚያተርፈው ጩኸትና የመብራት ሒሳብ ነው። የሞተር አምራቾች መጠኑን የሚያስቀምጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ሥፍራ መሆኑንም መርሳት አይገባም። በስስ አየር ሞተር በቀላሉ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የሚፈለግ ከሆነ አቅሙ በመጠኑ ተቀንሶ መታሰብ አለበት። ማታ ማታ የመብራት ኃይል ሲወርድም የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ብዙ ሞተሮች የሚቃጠሉት እየተንገዳገዱ ለመነሣት ሲታገሉ ነው።

አራተኛው የፓምፑ ጠባቂዎች ናቸው። ቧንቧ ሲከፈት አስነሥቶ ሲዘጋ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑ ያለ ውኃ እንዳይዞር የሚያግድ መሣሪያ፣ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ያስፈልጋሉ። አነስተኛ የግፊት ታንክ ቢጨመር ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ በተቀዳ ቁጥር ሞተሩ ከመነሣት ይድናል። የታንኩ አየር፣ ታንኩ ባዶ ሳለ፣ ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት በ0.2 ባር ያህል ዝቅ ብሎ መሞላት አለበት፤ ይህ ትንሽ ነገር ተዘንግቶ ብዙ ታንክ ያለ ጥቅም ቆሟል።

መደምደሚያ

የኢልግ ቧንቧ ለአንድ ቤተ መንግሥት ውኃ አደረሰ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ የውኃ ታሪክ ያ ጸጋ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው እንዳይቀር የተደረገ ረጅም ትግል ነው። ግድቦቹና ማጠራቀሚያዎቹ የተሠሩት ግፊትን ለሁሉም ለማከፋፈል ነው። በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ፓምፕ ይህን ሥራ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ይሽረዋል። አንዱ ሲገዛ ጎረቤቱም ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው የሚገባው ብዙ ፈረስ ጉልበት ለገዛው ነው፤ በመጨረሻም ሁሉም በሞተር ተማምኖ ሁሉም ይጠማል።

ይህን በደንብ ብቻ ማስቆም አስቸጋሪ ነው፤ ፓምፑ በግቢ ውስጥ፣ ከበር ጀርባ ያለ ነገር ነውና። ፓምፑን የሚገጥመው ግን ብዙ ጊዜ ሙያውን የሚያውቅ ወይም ከሚያውቅ ሰው ምክር የጠየቀ ሰው ነው። እንግዲህ ከእኛ ማኅበር አባላት አንዱ «እባክህ ፓምፕ ግጠምልኝ» ተብሎ በተጠራ ጊዜ ከመክፈቻው በፊት የግፊት መለኪያውን ያውጣ፤ ከመለኪያውም ጋር ወደ ላይኛው ጎረቤት ቤት ሄዶ ቧንቧውን ከፍቶ ይይ። እኔ ይህን ለማድረግ የዘገየሁት አንድ ሳምንት ነው፤ እማማ ግን ያን ሳምንት ውኃ ያመጡት በጄሪካን ከቦኖ ነበር።